ሣራ በርናርና ጭቃው፦ «ከማዕበሉ በኋላ» እንዴት ተሠራ? የማንስ እጅ ነው?

የመጋረጃ_ጀርባ

ሰላም ለሁላችሁም። የሣራ በርናር ስም ሲነሣ ወሬው ሁሉ ስለ ትያትሯ ነው። ቅርጻ ቅርጿን ብዙ ጸሐፊ «እግረ መንገዷንም ትቀርጽ ነበር» ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፈዋል። በ1876 በፓሪሱ ሳሎን፣ በታላቁ የሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ፣ የክብር ምስጋና ያገኘችን ቀራጺ እንዲህ ማለፍ ያንገበግበኛል። ስለዚህ በዚህ ክር ስለ እጇ ሥራ ብቻ እንነጋገር። ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንጻፈው።

ለማያውቃት ባጭሩ፦ በ1844 ፓሪስ ውስጥ ተወለደች። ኮንሰርቫቷር የሚባለው ትምህርት ቤት ገብታ ትወና ተማረችና በ1862 በፈረንሳይ መንግሥት ትያትር፣ በኮሜዲ ፍራንሴዝ፣ መድረክ ላይ ወጣች። አንዲትን አንጋፋ ተዋናይት በጥፊ በመምታቷ ግን ብዙም ሳትቆይ ለቀቀች። ስሟ የተተከለው ኦዴዮን ትያትር ነው፤ በ1869 በፍራንሷ ኮፔ ተውኔት የወንድ ልጅ ገጸ ባሕርይ ይዛ ስትጫወት ፓሪስ አወቃት። በ1872 ወደ ኮሜዲ ፍራንሴዝ ተመለሰች፤ አስተዳዳሪው ኤሚል ፔረን ግን የምትፈልገውን ያህል ሚና አልሰጣትም። እጇ ሥራ የፈታው ያኔ ነው። ከቀራጺው ማቲዩ ሜኒዬ ዘንድ ተማረች፣ በክሊሺ ቡልቫር ቁጥር 11 የሥራ ቤት ተከራየች፣ ከ1874 ጀምሮም ሥራዋን ሳሎን ላይ ማቅረብ ጀመረች። ሜላንድሪ ያነሣት ፎቶ አለ፤ ነጭ ሱሪና ጃኬት ለብሳ ከጡት በላይ ምስል አጠገብ ቆማለች። በዚያ ዘመን ሱሪ የለበሰች ሴት ማየት ለጋዜጦቹ የወር ቀለብ ነበር፤ ጭቃ ለሚያቦካ ሰው ግን ረጅም ቀሚስ አይመችም፣ ነገሩ ይኸው ነው።

ጥያቄዬ «ከማዕበሉ በኋላ» የሚባለውን ሥራ ይመለከታል። በፈረንሳይ ምዕራባዊ ጠረፍ ካለችው ከብሪታኒ የሆነች አንዲት አሮጊት በዓሣ መረብ የተጠላለፈውን የልጅ ልጇን ሬሳ ጭኗ ላይ ይዛለች። ነጭ እብነ በረዱ ዛሬ ዋሽንግተን በሚገኘው ብሔራዊ የሴት አርቲስቶች ሙዚየም ነው፤ ቁመቱ 75፣ ወርዱ 61፣ ጥልቀቱ 58 ሴንቲ ሜትር ያህል። ይህ ሥራ ከጭቃ እስከ ድንጋይ በምን በምን ያልፋል? ማታ ማታ መድረክ የምትወጣ ሰው ጭቃውን እንዴት ታቆየዋለች?

ጀሶ_በውሃ

ጥሩ ክር ነው፤ ከጭቃው ልጀምር።

መጀመሪያ የሚቆመው አጽሙ ነው። በወፍራም ጣውላ ላይ የብረት ምሰሶ ይተከላል፣ ለእጅና ለእግር ደግሞ የእርሳስ ቱቦ ወይም ወፍራም ሽቦ ይታሰራል። እርሳስ የሚመረጠው በእጅ ስለሚታጠፍ ነው፤ ቀራጺው በሦስተኛው ሳምንት የልጁን ክንድ ትንሽ ዝቅ ላድርገው ቢል ሥራውን ሳያፈርስ ይችላል። ከዚያ ከሁለት ትንንሽ እንጨቶች የተሠሩ መስቀሎች በሽቦ ከአጽሙ ላይ ይንጠለጠላሉ፤ ፈረንሳዮቹ «ቢራቢሮ» ይሏቸዋል። ጭቃው ውስጥ ተቀብረው ክብደቱን ይሸከማሉ። እነሱ ከሌሉ የተንጠለጠለው ክፍል ሁሉ፣ ለምሳሌ የሬሳው ጭንቅላት፣ በገዛ ክብደቱ ቀስ እያለ ወደ ታች ይንሸራተታል። ማታ ልክ የነበረው አንገት ጠዋት ረዝሞ ይገኛል።

ክብደቱ ቀላል አይደለም። አንድ ሊትር እርጥብ ጭቃ ወደ 1.8 ኪሎ ይመዝናል። የጠቀሱት ልክ ሳጥን ቢሆን 265 ሊትር ይይዛል፤ ግማሹን አየር ብንለው እንኳ በዚያ መጠን ለሚሠራ የሁለት ሰው ቅርጽ ከ200 ኪሎ በላይ ጭቃ ያስፈልጋል።

የማታው ጉዳይ እንዲህ ነው። ቀራጺው ሲወጣ ጭቃው በእርጥብ ጨርቅ ይሸፈናል፣ በላዩ ላይ ውሃ የማያሳልፍ ሸራ ይጣላል። ጨርቁ ግን ፊቱን መንካት የለበትም፤ ከነካ አፍንጫውን ይጨፈልቃል፣ የዓይን ሽፋኑን ያጠፋል። ስለዚህ በፊቱ ዙሪያ ስንጥር እንጨቶች ተሰክተው ጨርቁን ከፍ አድርገው ይይዙታል። ውሃ ከበዛ ጭቃው ይላላና ክንድ ይወድቃል። ውሃ ካነሰ ደግሞ እንደየዓይነቱ ከመቶ 5 እስከ 10 ይኮማተራል፤ ብረቱ አብሮት ስለማይኮማተር ስንጥቁ ሁልጊዜ የሚጀምረው አጽሙ ካለበት መስመር ነው። ከሁሉ የከፋው የፓሪስ ክረምት ነው። ጭቃ ውስጥ ያለ ውሃ በረዶ ሲሆን ከመቶ 9 ያህል ይሰፋል፤ ምድጃው ሌሊት ከጠፋ የወራት ሥራ ጠዋት ተፈርፍሮ ይጠብቃል።

ተዋናይ ለሆነ ሰው ትልቁ ፈተና ጉዞ ነው። አንድ ማታ ጨርቅ ሸፍኖ መሄድ ይቻላል፤ ለሳምንታት ግን ሰው እየገባ ውሃ መርጨት አለበት። አለዚያ ከመነሣት በፊት ጀሶ ማልበስ ነው።

መረብ_ጣይ

መረቡስ? እብነ በረዱ ላይ ያለው መረብ ሁሌ ያስገርመኛል። በጭቃ ክር እያድበለበሉ ነው የሚሠሩት?

ጀሶ_በውሃ

@መረብ_ጣይ፣ እያንዳንዱን ክር በጭቃ ማድበልበል ይቻላል፣ ግን ቀጭኑ ክር ቀድሞ ይደርቅና ይረግፋል። ሌላው መንገድ እውነተኛ መረብ በቀጭን ጭቃ ወይም በጀሶ ውሃ ነክሮ ገላው ላይ ማልበስ ነው። በየትኛውም መንገድ ቢሠራ ዋናው ነገር መረቡ ገላውን መከተሉ ነው። መረብ በጉልበት ላይ ይወጠራል፣ በሆድ ጎድጓዳ ላይ ይላላል። ይህ ከተሳሳተ መረቡ የተለጠፈ ጌጥ ይመስላል፤ ሬሳውም ከባሕር የወጣ አይመስልም። እሷ ይህን አልሳተችም።

ከጭቃ ወደ ጀሶ የሚወሰደው በሚሰበር ቅርጽ ማውጫ ነው። አንድ ሊትር ውሃ፣ 1.4 ኪሎ ያህል ጀሶ። ጀሶው ውሃው ላይ ይነሰነሳል እንጂ ውሃው ጀሶው ላይ አይፈስም። ደሴት የሚመስል ጉብታ ከውሃው በላይ ብቅ ሲል ይቆማል፣ ደቂቃ ያህል ይጠጣ ተብሎ ይተዋል፣ ከዚያ ከታች በኩል በእጅ ይታሻል። ከላይ የሚያማስሉ ሰዎች አረፋ ያስገቡበታል፤ ያ አረፋ በኋላ ጉንጭ ላይ ቀዳዳ ሆኖ ይወጣል።

የመጀመሪያው ሽፋን ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን ቢጫ አፈር ወይም ሰማያዊ ቀለም ይገባበታል። በላዩ ላይ ነጩ ወፍራም ሽፋን፣ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር፣ ከብረት ድጋፍ ጋር ይለበሳል። ጀሶው ሞቆ ሲጠነክር ከጀርባው ጭቃው እየተጫረ ይወጣል፤ የመጀመሪያው ሥራ እዚህ ላይ ይጠፋል ማለት ነው፤ ተመልሶ የሚስተካከል ነገር የለም። ባዶው ቅርጽ ታጥቦ በሳሙና ይቀባል፣ አዲስ ጀሶ ይፈስበታል። ከዚያ የውጪው ቅርፊት በደነዘዘ መሮና በቀላል መዶሻ ይሰበራል። ባለቀለሙ ሽፋን ሲታይ «ቀስ በል፣ ገላው ቀርቧል» ማለት ነው። ቀለም ሳይቀላቅሉ የሠሩ ሰዎች ጣትና አፍንጫ አብረው ይቆርጣሉ።

ሳሙናው ከተረሳ ደግሞ ሁለቱ ጀሶዎች ይጋባሉ፤ ያኔ ሁሉም ነገር አለቀ።

ሹል_መሮ

ከጀሶ ወደ ድንጋይ ያለውን እኔ ልቀጥል። እብነ በረድ በአንድ ሊትር 2.7 ኪሎ ይመዝናል፤ ባላችሁት ልክ ገና ያልተጠረበ ድንጋይ ከ700 ኪሎ በላይ ነው። አራት ሰው አያነሣውም፣ በእንጨት መንሸራተቻና በማንሻ ሰንሰለት ነው ወደ ሥራ ቤት የሚገባው።

ጀሶው ላይ ሦስት ቋሚ ነጥቦች ይመረጣሉ፤ አንድ ከላይ፣ ሁለት ከታች። በድንጋዩ ላይም እነዚያው ሦስት ይሰየማሉ። ነጥብ ማዛወሪያው መሣሪያ የናስ ክንዶችና ወደፊትና ወደኋላ የሚሄድ መርፌ አለው። መሣሪያው ጀሶው ላይ በሦስቱ ነጥቦች ተሰቅሎ መርፌው ገላውን ሲነካ ይታሰራል። ከዚያ ወደ ድንጋዩ ይወሰዳል፤ መርፌው ያመለከተው ጥልቀት እስኪደርስ ድንጋዩ ይበሳል፣ ግን 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ሲቀር ይቆማል። ያቺ ትርፍ የቀራጺው ድርሻ ናት። የሁለት ሰው ምስል ላለበት ሥራ በመቶዎች የሚቆጠር ነጥብ ትንሽ ነው፤ ፊትና እጅ ብቻውን ብዙ ይበላል።

የመሮው ቅደም ተከተል ሹል፣ ጥርሳም፣ ጠፍጣፋ፣ ከዚያ ሞረድና የአሸዋ ወረቀት ነው። ስሕተት የሚመጣው ከሦስቱ ነጥቦች አንዱ ሲላቀቅ ነው። መሣሪያው በአንድ ሚሊ ሜትር ካዘነበለ ጫፍ ላይ ያለ እጅ ከዚያም በላይ ሊዛነፍ ይችላል፣ ድንጋዩ ከተበሳ በኋላ ደግሞ መልሶ የሚሞላው የለም። መረብ ሲቀረጽ መሮ ብቻ አይበቃም፤ በክሮቹ መካከል ያለው ጥላ በመሰርሰሪያ ነው የሚወጣው፣ ብዙ ትንንሽ ቀዳዳ ጎን ለጎን ተበስቶ መካከሉ ይሰበራል። በዚህ ጊዜ መሮን በቀጥታ የመታ ሰው ክሩን ይሰብራል፤ አግድም መግፋት ነው።

ጠያቂ_ነኝ

ሹል መሮ፣ ስለ ማብራሪያው አመሰግናለሁ። ግን እንዳነበብኩት በዚያ ዘመን ነጥብ የሚያዛውሩትና ድንጋዩን የሚጠርቡት ደመወዝተኛ ባለሙያዎች ነበሩ። እንዲያ ከሆነ «የሣራ እጅ» የምንለው ነገር ድንጋዩ ላይ የት አለ?

ሹል_መሮ

ትክክለኛ ጥያቄ ነው። አዎ፣ የ19ኛው ክፍለ ዘመን የፓሪስ ሥራ ቤት የሚሄደው እንደዚያ ነበር፤ የሮዳን እብነ በረዶች እንኳ በብዛት የተጠረቡት በባለሙያ ረዳቶች ነው። ማንም ግን ሮዳን ቀራጺ አይደለም አይልም። ሥራው የሚለየው ጭቃው ላይ ነው፤ አካሉ እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ክብደቱ የት እንደሚያርፍ፣ ዓይን ከየት ገብቶ የት እንደሚወጣ የሚወሰነው እዚያ ነው። ድንጋይ ጠራቢው ያንን አይቀይርም።

ስለ እሷ እጅ መናገር የሚፈልግ ሰው ነጠላ የፊት ሥራዎቿን ቢያይ ይሻላል። የጓደኛዋ የሰዓሊዋ የሉዊዝ አቤማ የ1878 ምስል እና የጋዜጣ ሰው የኤሚል ደ ዢራርዳን ምስል በኦርሴ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ አሉ። ሁለቱም የተሠሩት በምታውቃቸው ሰዎች ላይ ነው፤ እዚያ ላይ መረብ የለ፣ ማዕበል የለ፣ የሚያስለቅስ ታሪክ የለ። ፊት ብቻ ነው። ፊት ደግሞ አያስዋሽም።

የመጋረጃ_ጀርባ

በዚህ እስማማለሁ፣ አንድ ነገር ልጨምር። «ከማዕበሉ በኋላ»ን ያየ ሁሉ የማይክል አንጄሎን ፒዬታ፣ ማርያም የክርስቶስን ሥጋ ጭኗ ላይ የያዘችበትን ቅርጽ፣ ያስታውሳል፣ ሦስት ማዕዘኑም ከዚያ ነው። ልዩነቱ የአሮጊቷ ፊት ላይ ነው። ፒዬታ ውስጥ ማርያም ወጣት ናት፣ ፊቷም ጸጥ ያለ። እዚህ ግን የተሸበሸበ ቆዳ፣ የደረቀ አንገትና የተጎነበሰ ጀርባ አለ። እርጅና በአንገትና በጀርባ እንደሚታወቅ ደግሞ በየማታው በገዛ አካሏ ሌላ ሰው የምትሆን ተዋናይ ጠንቅቃ ታውቀዋለች። ለዚህ ሥራ የሰውነት አወቃቀር ትምህርት ወስዳለች፤ ትምህርቱ የጡንቻውን ቦታ ይነግራታል፣ ሐዘን የትኛውን ጡንቻ እንደሚያላላ የነገራት ግን መድረኩ ይመስለኛል።

ከካን_እስከ_ፓሪስ

ትያትርና ጭቃ አብረው ሲነሡ ኤቲዬን ሜላንግን መርሳት አይገባም። ከሣራ በፊት የነበረ ነው። በኖርማንዲ ያለችው የካን ከተማ ልጅ ሲሆን ፓሪስ በማድሌን ቤተ ክርስቲያን የቅርጽ ሥራ ላይ ሠርቷል፤ ከዚያ ነው ተጓዥ ቡድን ውስጥ ገብቶ ተዋናይ የሆነው። በአሌክሳንደር ዱማ ተውኔቶች ጎራዴኛውን ዳርታኛንን ተጫውቷል፣ በ1862 ደግሞ ሌላውን የተውኔት ጎራዴኛ ላጋርዴርን። ልጆቹ ጋስቶንና ሉሲያን ሰዓሊዎች ሆኑ፤ እሱ በ1875 አረፈ።

ለዚህ ክር የሚጠቅመው የ1852ቱ ሥራ ነው። ፖል ሙሪስ በጻፈውና በፖርት ሳን ማርታን ትያትር በታየው ተውኔት ሜላንግ የጣልያኑን ቀራጺ ቤንቬኑቶ ቼሊኒን ሆኖ ወጣ፤ በየምሽቱም ተመልካች ፊት የሄቤን፣ የግሪኮቹን የወጣትነት አምላክ፣ ሐውልት በጭቃ ይሠራ ነበር። አስመስሎ አይደለም፣ በእጁ።

ጠያቂ_ነኝ

በአንድ ትዕይንት ውስጥ ሐውልት? እንዴት ይሆናል?

ጀሶ_በውሃ

ሚስጥሩ ያለው መጋረጃው ከመከፈቱ በፊት ነው። እንዲህ ያለ ነገር መድረክ ላይ የሚሠራ ሰው አጽሙን አስቀድሞ አቁሞ ግምታዊ ጭቃ ካላለበሰው በስተቀር ሰዓቱ አይበቃውም። ተመልካቹ ፊት የሚሠራው ከጉብታ ወደ ሰው የመለወጡ ሥራ ነው። ጭቃው ከሥራ ቤት ጭቃ ይልቅ ለስለስ ማለት አለበት፣ አውራ ጣት አንዴ ሲጫን ቅርጽ እንዲይዝ። ግን በጣም ከላላ መብራቱ ሥር ያብረቀርቃል፣ ከሩቅ ቅርጹ አይለይም። በጋዝ መብራት ዘመን ደግሞ ሙቀቱ ላይ ላዩን ቶሎ ያደርቃል፤ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ የሆነ ጭቃ ሲነካ ይላጣል።

ትልቁ ችግር ግን ጀርባ ነው። ቀራጺ በሥራው ፊት ሲቆም ተመልካቹን ይጋርዳል። ስለዚህ ቅርጹ በሚዞር ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ወደ አዳራሹ ዘወር ይላል፣ ሠሪው በጎን ይቆማል፤ ዓይኑ የማያየውን ጎን በጣቱ እየዳሰሰ ይሠራል። ያንን ለማድረግ የሁለት ሙያ ሰው መሆን ያስፈልጋል። ንግግሩን እየተናገረ፣ ድምፁ ሳይቆራረጥ።

ሰምና_ወርቅ

የሣራን የነሐስ ሥራዎች ማንም አላነሣም፤ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጡት እነሱ ናቸው።

አንደኛው የ1880 የቀለም ዕቃ ነው፤ ራሷን ስፊንክስ አድርጋ የሠራችበት። ራስና ጡቱ የሷው ነው፣ ክንፉ የሌሊት ወፍ፣ አካሉ የአውሬ፣ ጅራቱ የዓሣ። ትከሻዎቿ ላይ የሐዘንና የሳቅ ጭምብሎች እንደ ማዕረግ ተቀምጠዋል። ቁመቱ ከ30 ሴንቲ ሜትር ትንሽ ይበልጣል፤ ከአንድ በላይ ቅጂ አለ፣ አንዱ ቦስተን በሚገኘው የሥነ ጥበብ ሙዚየም ነው። ወሬኞች አውሬ ሲሏት እሷ አውሬውን በገዛ እጇ ሠርታ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ከዚህ የበለጠ መልስ የለም።

ሁለተኛው በ1900 በፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ያቀረበቻቸው የባሕር አረሞች ናቸው። ቤል ኢል በምትባለው የብሪታኒ ደሴት፣ ፑላን በሚባል ወደ ባሕር በወጣ የመሬት ጫፍ ላይ፣ አሮጌ ምሽግ ገዝታ በጋውን እዚያ ታሳልፍ ነበር። አረሞቹ ከራሱ ከተክሉ ላይ የተወሰዱ ናቸው፣ በዓይን ታይተው የተቀረጹ አይደሉም።

ሰም አቅልጦ የማፍሰሱን ሥራ የእኛ አንጥረኞች ስለሚያውቁት «ሰምና ወርቅ» የምንለው ቅኔ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው፤ ሰሙ ቅርጹን ይሰጣል፣ ቀልጦ ይወጣል፣ ወርቁ ቦታውን ይይዛል። አረም ላይ ሲሆን ግን ችግሩ ቅጥነቱ ነው። ነሐስ ከ1100 ዲግሪ በላይ ሆኖ ሲፈስ ከ2 ሚሊ ሜትር በታች በሆነ ክፍተት ውስጥ ጫፍ ሳይደርስ ይረጋል። ስለዚህ ቅጠሉ ከጀርባው በሰም ይወፍራል፣ ረጅም ጫፎች ላይ ደግሞ አየር ማውጫ ቀጫጭን ሰሞች ይተከላሉ። እርጥብ አረም ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ከቀረ እንፋሎቱ ነሐሱን ያፈነዳዋል፤ ቅርጽ ማውጫው ለቀናት በእሳት ተጠብሶ ካልደረቀ ማፍሰስ አደገኛ ነው።

መረብ_ጣይ

በሞንቴ ካርሎ ኦፔራ ግድግዳ ላይም ሥራ አላት ሲባል ሰምቼ ነበር። እሱ የሰዓሊውና የቀራጺው የጉስታቭ ዶሬ አይደለም?

የመጋረጃ_ጀርባ

ሁለቱም አሉ። ሻርል ጋርኒዬ የሠራው ያ አዳራሽ በጥር 1879 ሲመረቅ መድረኩን የከፈተችው ራሷ ነበረች። ከውጭ ያለው «ዳንስ» የዶሬ ነው፣ «ዝማሬ» የሣራ። ብዙ ሰው ሁለቱንም ለዶሬ ይሰጣል፤ ፎቶ የምትለጥፉ እባካችሁ አስተካክሉ። በዚያው ዓመት ሰኔ ኮሜዲ ፍራንሴዝ ለንደን ሲሄድ ፒካዲሊ ላይ ሥዕልና ቅርጿን አሳየች፣ ሸጠችም። በ1880 ከኮሜዲ ፍራንሴዝ ለቀቀች፤ ከዚያ በኋላ አሜሪካ ስትጓዝ ቅርጾቿ አብረዋት ሄዱ።

ጠያቂ_ነኝ

ሰምና ወርቅ፣ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። አረሙ ከራሱ ከተክሉ ከተወሰደ፣ ቅርጽ ነው ወይስ ቅጂ?

ሰምና_ወርቅ

ቅጠሉ ቅጂ ነው፣ አደራረጉ ቅርጽ ነው። አረም ከውሃ ሲወጣ ተንጠፍጥፎ ይወድቃል፤ የባሕሩን ቅርጽ አይዝም። ሲታጠፍ የት እንደሚታጠፍ፣ የትኛው ጫፍ እንደሚነሣ፣ ከሥሩ ወደ ጫፉ ማዕበሉ በየት በኩል እንዳለፈ የሚወስነው አስተኛኙ ነው። ፎቶውን ስታዩ ቅጠሎቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ያዘነበሉ መሆን አለመሆናቸውን ተመልከቱ። ሙት አረም በየአቅጣጫው ነው የሚወድቀው።